የሕዝብ ተወካይ ሳምንት፦ ከምክር ቤቱ አዳራሽ እስከ ቀበሌው መድረክ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሥራውን የሚያከናውነው በሁለት ቦታ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈፃሚውን አካል ይቆጣጠራል። በምርጫ ክልሉ ደግሞ ከመራጩ ሕዝብ ጥያቄ ይቀበላል፣ ምላሽም ይዞ ይመለሳል። አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ተወካዩን በአግባቡ መመዘን የሚችለው እነዚህ ሁለት ሥራዎች የት ላይ እንደሚገናኙ ሲያውቅ ነው።

ተወካዩ የማን ነው?

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 እንደሚደነግገው የምክር ቤቱ አባላት በየ5 ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ቁጥራቸውም ከ550 አይበልጥም። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ሆኖም አባሉ ወደ ምክር ቤቱ ከገባ በኋላ የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም። በአንጻሩ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት እንደሆነ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊነሳ ይችላል።

ሳምንቱ በምክር ቤቱ

ምክር ቤቱ መደበኛ ስብሰባውን በአብዛኛው ማክሰኞና ሐሙስ ያካሂዳል። ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ የሚኖረው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። በቀሪዎቹ ቀናት አባላቱ በቋሚ ኮሚቴዎች ይሠራሉ፤ የመሥሪያ ቤቶችን ሪፖርት ይመረምራሉ፣ የመስክ ምልከታ ያደርጋሉ። አንድ ረቂቅ አዋጅ ሲቀርብ ለዝርዝር ዕይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ከባለድርሻ አካላት ጋር ተወያይቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያም ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል። በዚህ ምክንያት በአዳራሹ ለጥቂት ደቂቃ የሚሰማው ንግግር የአባሉን ሥራ ሁሉ አያሳይም።

ወደ መራጩ መመለስ

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይዘልቃል። በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ፤ ይህም በተለምዶ የካቲት ነው። ስሙ ዕረፍት ይባል እንጂ አባላቱ ወደየምርጫ ክልላቸው ወርደው ከሕዝብ ጋር የሚወያዩበት ወቅት ነው። በክረምትም ተመሳሳይ ጊዜ ያገኛሉ።

ሁለቱ ወቅቶች ግን እኩል አይደሉም። የፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በጀቱም ከዚያ በፊት ይጸድቃል። በየካቲት የቀረበ የመንገድ ጥያቄ ለቀጣዩ በጀት ዝግጅት ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ የቀረበው ግን ገንዘቡ ከተደለደለ በኋላ የመጣ ነው። የማዳበሪያም ነገር እንዲሁ ነው። ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ ማሳው ለዘር ከተዘጋጀ በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ለዚያ ዓመት አዝመራ እምብዛም አይጠቅምም።

ጥያቄው ለማን ይቅረብ?

በቀበሌ መድረክ የሚነሳ ጥያቄ ሁሉ የፌዴራል ተወካዩ ሥራ አይደለም። የኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ዋና ዋና አገር አቋራጭ መንገዶችና የማዳበሪያ ግዥ በፌዴራል ተቋማት ሥር ስለሆኑ በቀጥታ ይመለከቱታል። የገጠር መንገድ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጉዳይ በዋናነት የክልሉና የወረዳው ኃላፊነት ነው። መሬትንም በፌዴራል ሕግ መሠረት የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። ስለዚህ የይዞታ ቅሬታ በቅድሚያ ለወረዳው፣ ካልተፈታም ለክልሉ አካላት ይቀርባል።

ጥያቄው በተጨባጭ መረጃ ሲደገፍ ክብደት ያገኛል። «መብራት የለንም» ከማለት ይልቅ ትራንስፎርመሩ መቼ እንደተበላሸ፣ ስንት አባወራ አገልግሎት እንዳጣ፣ ለየትኛው ጽሕፈት ቤት መቼ አቤት እንደተባለና ምን ምላሽ እንደተሰጠ በጽሑፍ ማቅረብ ይሻላል። ተወካዩ በኮሚቴ ስብሰባ ኃላፊውን ሲጠይቅ የሚይዘው ይህንኑ ማስረጃ ነው።

በቀጣዩ መድረክም የመራጩ ተራ ይመጣል። ባለፈው የተነሳው ጥያቄ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ቀረበ? ምን መልስ ተሰጠ? ካልተፈታስ ምክንያቱ ምንድን ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ግልጽ ምላሽ የሚሰጥ ተወካይ ሳምንቱን የት እንዳዋለ አስመስክሯል። አዳዲስ ጥያቄዎችን ብቻ መዝግቦ የሚሄድ ከሆነ ግን ሕዝቡ የቀድሞውን መዝገብ እንዲያወጣ ሊጠይቀው ይገባል።