ሳይጠየቁ መወረስ

በቋንቋችን ልጅ አባቱን ይወርሳል፤ መንግሥትም ሰውን ይወርሳል። ግሡ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ሲሆን፥ ሁለተኛው ባለቤቱ በቁሙ እያየ መሆኑ ነው። እዚህ የምናነሣው ሁለተኛውን ነው፤ ከእርሱም ጋር ከሥራ መባረርን። ለምን አንድ ላይ? ቤቱን የተነጠቀም እንጀራውን የተነጠቀም ሰው ዞሮ ዞሮ የሚሄደው ወደ ጠበቃ ስለሆነ ነው። ጠበቃው ምን ሊያደርግለት ይችላል የሚለው ጥያቄ ግን መልሱ በየዘመኑ ይለያያል።

የጥንቱ ሙግት አዋቂ ሕግ ትምህርት ቤት አልገባም። «በላ ልበልሃ» እያለ አደባባይ ቆሞ፥ በማር በፈረስ እየተወራረደ፥ ባንደበቱ ኖረ። ዋና እንጀራው የርስት ክርክር ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ አንደበት አንድ በር ላይ ሲደርስ ይዘጋል፤ ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ። ከዳ የተባለ መኰንን ርስት ጉልቱ በንጉሥ ቃል ሲወረስ፥ ነገረ ፈጅ ይቁምልኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነገሩን፥ ቢያንስ በወረቀት፥ ቀየረው። ንብረት መውረስ ፍርድ ቤት የሚወስነው ቅጣት ሆነ። እሱን የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ንብረቱ በሚወረስበት ሰው ላይ እንኳ ወሰን አበጅቷል፤ ለእርሱና ለቤተሰቡ ኑሮ የግድ የሚያስፈልግ የቤት ዕቃ፥ የሙያና የእርሻ መሣሪያ አይወረስም። የሸማኔውን መወርወሪያ፥ የገበሬውን ሞፈር አትንካ ማለት ነው። እንግዲህ ንብረትና ሥራ ሥራቸው አንድ መሆኑን ሕጉ ራሱ አምኗል ማለት ይቻላል።

1956 ዓ.ም. ለሙያው ትልቅ ዓመት ነው። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲው ሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ሠራተኛው በማኅበር መደራጀት፥ በኅብረት መደራደር፥ አቤቱታውንም ለቦርድ ማቅረብ በሕግ ተፈቀደለት። «ጌታዬ ይማሩኝ» ይል የነበረ ሰው «በምን ምክንያት አባረርከኝ?» ብሎ መጠየቂያ ቦታ አገኘ ማለት ነው።

1967 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት የገጠር መሬት፥ በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የመሬት ክርክር ወደ ገበሬ ማኅበራት፥ የከተማው ቤትና ቦታ ክርክር ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ዞረ። የጠበቃው ዋና እንጀራ በአንድ ዓመት ውስጥ ተነነ። መቼም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጭሰኛው አላለቀሰለትም፤ ጠበቃ መግዣ ኖሮት አያውቅምና። ጥፋቱ መሬት ላራሹ መሰጠቱ አይደለም። ጥፋቱ አንድ ሹም ከአዋጁ አልፎ የአንዱን ሰው አንድያ ቤት ሲወስድ፥ «አዋጁ ይህን ይላል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መቆሚያ ማጣቱ ነው።

ይህ ጥያቄ ሃያ ዓመት ቆየ። በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 110 ወጣና ከአዋጆቹ ውጭ የተወሰደ ንብረት እንዲጣራ በር ከፈተ። በአዋጁ መሠረት የተወሰደው ግን አይመለስም። ስለዚህ ጠበቃው «መውረሱ ግፍ ነበር» ብሎ አይረታም፤ «መውረሱ የራሱን አዋጅ ጥሷል» ማለት አለበት። ለዚህ ደግሞ አንደበት ብቻ አይበቃም። የቆየ ካርታ፥ የግብር ደረሰኝ፥ የርክክብ ወረቀት ፍለጋ መዝገብ ቤት አቧራ መቃም ነው።

በሠራተኛው በኩልም ሕጉ በ1968፥ በ1985፥ በ1996፥ በ2011 ዓ.ም. ተለዋውጧል። በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ያለአግባብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። የዳኝነት አይከፍልም። ነገር ግን ሦስት ወሯን ማን ይነግረዋል? «ዛሬ ነገ እንመልስሃለን» እየተባለ ደጅ ሲጠና ቀኑ ያልፋል። በየቤታችን እንጀራ የምትጋግረዋ ሠራተኛማ እዚህ አዋጅ ውስጥ እንኳ የለችም። የእርሷን ነገር ሌላ ደንብ ይወስነዋል ተብሎ ወደ ጎን ተትቷል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ደግሞ ሀብቱ ከገቢው ጋር የማይመጣጠን ሰው ምንጩን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። የሕዝብ ገንዘብ መመለስ አለበት፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ግን ለተጠርጣሪው የሚቆመው ሰው «የሌባ ጠበቃ» ይባላል። ለዘበኛውና ለጽዳት ሠራተኛዋ የሚቆመው ደግሞ «ምን ሊያገኝ ነው?» ይባላል። አንዱን እንጠላዋለን፥ ሌላውን እንንቀዋለን።

ሁለቱ ግን የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ሰው ያለው ሳይጠየቅ፥ ሳይሰማ እንዳይወሰድበት መቆም። ያለው ነገር ባለ ፎቅ ቤት ሊሆን ይችላል፤ የወር ደመወዝም ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን ነገ ጥቁር ካባ የሚለብስ ካለ፥ ደንበኛው ማን ነው ከማለቱ በፊት ይህ ሰው ተሰምቷል ወይ ብሎ ይጠይቅ። የ1967ቱ ባለ አንድ ቤት ይህን የሚጠይቅለት ሰው ሃያ ዓመት ጠብቋል።