ሴባስቶፖል 70 ቶን ነው ወይስ 7?

ሚያዝያ 6 በመጣ ቁጥር የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ይነሣል። በ1860 ዓ.ም. በዚያች ዕለት መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ የለም። እኔ የማነሣው ትተውት ስላለፉት መድፍ፣ ስለ ሴባስቶፖል ነው።

ከሞጣ ተነሥቶ ዓባይን በሰባራ ድልድይ የሚሻገር መንገደኛ በጌምድር ይገባል። ጋፋትም በዚያው ማዶ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ተድላ ጓሉ ጎጃምን ይዞ አልገብርም ባለበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ እዚያ መድፍ ያሠሩ ነበር። መድፉን እንዲሠሩ የታዘዙት ዋልድማየርና አብዛኞቹ ባልደረቦቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሚሲዮናውያን እንጂ የመድፍ ባለሙያዎች አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ግን አልተዉአቸውም፤ በመጨረሻ ሴባስቶፖል ተሠራ።

ክብደቱ 70 ቶን ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኔ የምቀበለው ወደ 7 ቶን ገደማ የሚለውን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ነሐስ 9 ቶን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። 70 ቶን ማለት እንግዲህ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም 2 ሜትር የሆነ ድፍን ነሐስ ማለት ነው። መቅደላ ላይ ያለው መድፍ ይህን አያህልም።

የነሐሱ አረጋግም ለዚሁ ይመሰክራል። የቀለጠ ብረታ ብረት በጥቃቅን ጠብታ ከሆነ ከመርጊያው ሙቀት በታች በመቶዎች ዲግሪ ወርዶም ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል፤ ተመራማሪው ዴቪድ ተርንቡል እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ አሳይቶታል። በቶን የሚቆጠር ነሐስ ግን ያን ያህል አይታገሥም። የቅርጹ ግድግዳና በውስጡ ያለው ቆሻሻ ክሪስታሉን ቶሎ ያስጀምሩታል። ክሪስታሉ ከግድግዳው ተነሥቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ መሃል ያድጋል። ቀድሞ የሚረጋው መዳብ የበዛበት ነው፤ ቆርቆሮ የበዛበት ፈሳሽ በቅርንጫፎቹ መካከል ቀርቶ መጨረሻ ላይ ይረጋል። ሲረጋም ስለሚኮማተር፣ የሚተካው ፈሳሽ ካላገኘ ክፍተት ይተዋል። የመድፍ ሠሪ ፍርሃት ይኸው ነው፤ ባሩዱ ሲተኮስ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ክፍተት ነውና። ቅርጹ ያው ሆኖ ነሐሱ 10 እጥፍ ቢበዛ፣ የመርጊያው ጊዜ ወደ 4.6 እጥፍ ይረዝማል፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ቅርንጫፎቹ ይወፍራሉ፣ ነሐሱም ይደክማል። በጋፋት ምድጃ 7 ቶኑ ራሱ ትልቅ ድፍረት ነበር።

ከተሠራ በኋላ መድፉ መንገድ እየተቀደደለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ።

ዛሬ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሟል። የሞጣና የብቸና የፊዚክስ መምህራን ይህችን ስሌት ለተማሪዎቻችሁ ስጧቸው፤ 70 የሚለውን ቁጥር በገዛ እጃቸው ያርሙት። ለቴዎድሮስ ክብር 7 ቶን ይበቃል።