ቡዳ፦ በፎገራ ሜዳና አካባቢው የኖረው እምነትና ዳፋው

ቡዳ በዓይኑ ሰውን “ይበላል” ተብሎ የሚታመንበት ሰው መጠሪያ ነው። እምነቱ በአማራ ክልልና በሌሎችም የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከክርስትናውም ከእስልምናውም ጎን ለጎን ኖሯል። እንደ እምነቱ ከሆነ ቡዳነት በዘር ይወረሳል፤ ቡዳው ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ያማረ ልጅ፣ የሚያጓጓ ምግብ ወይም የሰባ ከብት ሲያይ ዓይኑ ያርፍበታል። እናት ሕፃኗን ሸፍና የምትይዘው፣ ክታብም የምታስርለት ስለዚሁ ነው።

ስሙ ግን በሁሉም ላይ እኩል አላረፈም። በብዛት የተለጠፈው በብረት ቀጥቃጭ፣ በሸክላ ሠሪ፣ በፋቂና በሸማኔ ላይ ነው። በጎንደር ዙሪያ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ርስት አጥተው በእነዚህ ሙያዎች ስለተዳደሩ ስሙን ለረጅም ዘመን ተሸክመዋል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን ለቀጠቀጠለት ሰው ልጁን መዳር ግን ነውር ሆኖ ቆይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ በአዋጁ ከተጠቀሱት ስድቦች አንዱ ጸሐፊን ጠንቋይ ማለት መሆኑ ዘመኑን ያሳያል። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የፎገራው አውራምባ ማኅበረሰብ ግን ሽመናን ወንዱም ሴቱም የሚተዳደርበት ሥራ አድርጎታል።

“ተበላ” የሚባለው ሕመምተኛ ድንገት ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይቃዣል። ቤተሰቡ ያጥነዋል፤ “ማን በላህ?” እያለም እስኪለፈልፍ ይጠይቀዋል። በሕመም መካከል ስሙ የተጠራ ጎረቤት የሚከላከልበት ማስረጃ የለውም፤ ቡና መጠራራቱ ይቀራል፤ ልጆቹም አብረው ይታማሉ።

ሌላው ተጎጂ ሕመምተኛው ራሱ ነው። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት የከባድ ወባ ምልክቶችም ናቸው። ወባ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ይበረታል፤ ወደ አንጎል ከዘለቀ ሕፃንን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። ጠበልም ሆነ የወንዛዬ ፍል ውኃ ከሕክምና ጋር አይጣላም። አደጋው ያለው ሕፃኑ ሲታጠን በሚያልፉት ሰዓታት ነው፤ ጤና ጣቢያ ከጣት በምትወሰድ አንዲት የደም ጠብታ ወባ መሆን አለመሆኑን በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል።