የሠራተኛው የጤና ምሥጢርና የአሠሪው መጠይቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባላችን በሽተኛውና ሐኪሙ ለሁለት ብቻ የተገናኙ መሆናቸውን ያስባል። በመካከላቸው ደመወዝ ከፋይ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለውጡ ያስከተለውን ጥያቄ ለመመርመር እንሞክራለን።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታዎች እ.ኤ.አ. በ1700 በሞዴና ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪሞች የበሽተኛውን የሥራ ዓይነት ጭምር እንዲጠይቁ አሳሰበ። ጥያቄው ለሕክምና የቀረበ ነበርና መልሱ የሚጠቅመው መላሹን ነበር። በፋብሪካው ዘመን ግን ጠያቂው ብዙ ጊዜ በአሠሪው የተቀጠረ ሐኪም ሆነ፤ መልሱም ለመቅጠርና ለማሰናበት ሊያገለግል የሚችል መረጃ ሆነ።

በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሠራተኞቹ ለጤና ምርመራ የሰጡት ደምና ሽንት ሳያውቁት ለቂጥኝ፣ የጥቁሮቹ ሲክል ሴል ለተባለው በዘር ለሚወረስ የደም ባሕርይ፣ የሴቶቹ ደግሞ ለእርግዝና ተመርምሮብናል ሲሉ ከሰሱ። አሠሪው መጠይቅ ሞልተው ለምርመራው መስማማታቸውን ጠቅሶ ተከራከረ። የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ክርክሩን አልተቀበለም፤ ለአጠቃላይ ምርመራ መስማማት ለማናቸውም ምርመራ ፈቃድ መስጠት አይደለምና ክሱ እንዲታይ ወሰነ።

ታዲያ የሠራተኞች ጤና ጨርሶ አይጠና ማለት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪው የሚሰበስበው የሕክምና መረጃ ከሌላው የሠራተኛ ማኅደር ተለይቶ በምሥጢር እንዲጠበቅ አዟል። ከዚህም የጠለቀ መንገድ ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 አሳይቶ ነበር። በእርሱ ዘዴ መላሹ ጠያቂው የማያየውን ቀስት ያሽከረክራል፤ ቀስቱ ያረፈበት ምድብ የራሱ ከሆነ «አዎን»፣ ካልሆነ «አይደለም» ይላል። ጠያቂው ቀስቱ የት እንዳረፈ ስለማያውቅ የግለሰቡን ምሥጢር አያገኝም፤ ቀስቱ በየምድቡ የሚያርፍበት ዕድል አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ግን ከብዙዎች መልስ የጠቅላላውን መጠን በግምት ያሰላል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ምሥጢርን ለመጠበቅ የጠያቂው ቃል ኪዳን ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ከሁሉ የተሻለው መጠይቅ ጠያቂው ቃሉን ሊያፈርስ ቢፈልግ እንኳ የማይችልበት ነው። በባዕድ ቋንቋ በተጻፈ ቅጽ ላይ ለእንጀራችን ስንል ለምንፈርም ስደተኞች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ከመመለሳችን በፊት መልሱ በማን እጅ እንደሚገባ የመጠየቅ መብት አለን።