የእርሳስ ቅይጥ ጥንካሬ ልኬት

የእርሳስ ቅይጥ ጥንካሬ ልኬት አረር አቅልጠው የሚያወጡ ሰዎች ለጠመንጃቸው የሚስማማ ቅይጥ ለመምረጥ የሚያደርጉት ፍተሻ ነው። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በብሪኔል ቁጥር ይገለጻል። ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ጥንካሬው ከ4 እስከ 5 ብሪኔል ብቻ ስለሆነ በጥፍር ይጫራል፤ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ሲገቡበት ግን ይጠነክራል።

አመጣጥ

ቁጥሩ የሚጠራው በስዊድናዊው መሐንዲስ በዮሐን አውጉስት ብሪኔል (1849–1925 እ.ኤ.አ.) ስም ነው። በፋገርስታ የብረት ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ የነበረው ብሪኔል ዘዴውን በ1900 ይፋ አደረገ፤ በዚያው ዓመት በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይም ታየ። ይሁን እንጂ ብረትን በጠንካራ ነገር ተጭኖ ስርጉዱን የመለካት ሐሳብ ከእሱ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ሬኦሚር በ1722 ሁለት ባለማዕዘን ብረቶችን እርስ በርስ አጫጭኖ የትኛው ይበልጥ እንደሚጎዳ አነጻጽሯል። በ1856 በወጣው የአሜሪካ ጦር የመድፍ ብረት ሙከራ ዘገባ ደግሞ ፒራሚድ መሰል ሹል መሣሪያ በናሙናው ላይ ይጫንና ጥንካሬው ከጉድጓዱ ይዘት ይሰላ ነበር። ስለዚህ የብሪኔል ድርሻ የሚጫነው ኳስ፣ የተወሰነው ጫናና ጫናውን ለስርጉዱ ጎባጣ ገጽ የሚያካፍለው ቀላሉ ስሌት ነው ቢባል ሳይሻል አይቀርም። ከእሱም በኋላ ጀርመናዊው ማየር በ1908 ጫናው መካፈል ያለበት ለስርጉዱ ጎባጣ ገጽ ሳይሆን ለአፉ ስፋት ነው ብሎ ተከራክሯል። በአረር ቀላጮች ዘንድ ግን የብሪኔሉ ስሌት ጸንቷል።

አሠራር

አረብ ብረት 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ኳስ በ3000 ኪሎ ግራም ይጫናል። ይህ ለእርሳስ እጅግ ስለሚበዛ በዚያው ኳስ 100 ኪሎ ግራም ይበቃል። በዚህ ጫና 5 ብሪኔል የሆነ እርሳስ ላይ የስርጉዱ አፍ 4.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ 22 ብሪኔል በሆነው ላይ 2.4 ብቻ ነው። በየቤቱ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች የሊ መፈተሻ 5/32 ኢንች ኳስ በ60 ፓውንድ ለ30 ሰከንድ ይጫናል፤ ስርጉዱም በትንሽ ማይክሮስኮፕ ይነበባል። የሴይኮ መፈተሻ የራሱ መለኪያ ስላለው ቁጥሩ በቀጥታ ብሪኔል አይደለም። ልዩ ልዩ ጥንካሬ ባላቸው የሥዕል እርሳሶች መጫርም የተለመደ ነው።

ሰከንዱ የሚቆጠረው በምክንያት ነው። የክፍል ሙቀት ከፍጹም ዜሮ ሲለካ የእርሳስ መቅለጫ ሙቀትን ግማሽ ያህል ስለሚደርስ፣ እርሳስ ከጫና በታች ቀስ እያለ መስረጉዱን ይቀጥላል። ጫናውና ጊዜው ያልተጻፈበትን ቁጥር ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ማነጻጸር አያስተማምንም።

የተለመዱ ቅይጦች

90 በመቶ እርሳስ፣ 5 በመቶ ቆርቆሮና 5 በመቶ አንቲሞኒ ያለው ላይማን ቁጥር 2 ወደ 15 ብሪኔል ይጠጋል። የማተሚያ ቤቱ ሊኖታይፕ (84 እርሳስ፣ 12 አንቲሞኒ፣ 4 ቆርቆሮ) 22 ገደማ ነው።

ዕድሜ

አንቲሞኒ ያለበት ቅይጥ ከቀረጻ በኋላ ለቀናትና ለሳምንታት እየጠነከረ ይሄዳል። አረሩ ከቅርጽ ማውጫው ወጥቶ ትኩሱን ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ በተለይ ጥቂት አርሴኒክ ካለበት፣ ለውጡ ይጎላል። ስለዚህ ዛሬ የተቀረጸን አረር ዛሬውኑ መለካት የኋላውን ጥንካሬ አሳንሶ ያሳያል።

የ1422 ክርክር

የብሪኔልን ቁጥር በ1422 አብዝቶ አረሩ የሚችለውን የባሩድ ግፊት በፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ማስላት በሰፊው ይሠራበታል። በዚህ መሠረት 15 ብሪኔል 21,330 ይሆናል። ሆኖም 1422 በመሠረቱ የብሪኔል መለኪያ የሆነውን ኪሎ ግራም በስኩዌር ሚሊ ሜትርን ወደ ፒኤስአይ የሚመልስ ቁጥር ነው። ዴቪድ ታቦር በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በስርጉድ የሚለካ ጥንካሬ ብረቱ ቅርጹን መልቀቅ ከሚጀምርበት ጫና ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ከስርጉዱ ዙሪያ ያለው ብረት ደግፎ ይይዛልና። በዚህ ስሌት ያው 15 ብሪኔል ወደ 7,100 ይወርዳል። ደንቡ በተግባር ይሠራል የሚሉ ተኳሾች አሉ፤ የአረሩ ስፋት ከአፈሙዙ ጋር መግጠሙና ቅባቱ ከጥንካሬው ይበልጣሉ የሚሉም እንዲሁ።

አቅርቦት

ለዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ ርካሽ ምንጭ የነበረው የመኪና ጎማ ባላንስ እርሳስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2005፣ ካሊፎርኒያ በ2010 ከከለከሉት ወዲህ ብዙው በዚንክና በብረት ተተክቷል። ሆኖም የጥንካሬ ፍተሻ በቅልጡ ውስጥ ዚንክ መቀላቀሉን ለይቶ አይናገርም።