የብራናና የወረቀት ዕድሜ

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ገበያ ነው። የእንስሳ ጥቅም ግን በሥጋው አያበቃም፤ ቆዳውም የታሪካችን ጠባቂ ነው።

አባቶቻችን የፍየል ቆዳ ዘፍዝፈው፥ ወጥረውና ፍቀው ብራና አበጁ። ኮላጅን የሚባለው የቆዳው ቃጫ ተወጥሮ ሲደርቅ ይጠነክራል። በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተገመቱት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ዛሬም ይነበባሉ።

በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የተስፋፋው የእንጨት ወረቀት ግን፥ ቀለም እንዳይሰራጭበት በአሉምና በሙጫ ስለ ተዘጋጀ፥ አሲድ ፈጥሮ ሴሉሎስ የተባለውን የራሱን ቃጫ ይበላል። የቆየ ጋዜጣ የሚሰባበረው ለዚህ ነው።

የኬሚስትሪ ሊቃውንት አሲዱን በካልሲየም ካርቦኔት ማብረድ ችለዋል። እንግዲህ ለልጅ ልጅ የምናስተላልፈው መዝገብ አሲድ በሌለው ወረቀት ይጻፍ፤ አለዚያ ብራናው የአባቶችን ቃል ሲያቆይ፥ ወረቀታችን የእኛን ያጠፋዋል።