መዝጋቢ መቀየር

ቆቦ ላይ በዋናው አስፋልት ዳር ያለ አንድ ሆቴል እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በወልዲያ በኩል ወደ አላማጣና መቀሌ የሚያልፍ መንገደኛ ያድርበታል፤ ለቆቦ ጊራና መስኖ ሥራ የሚመጣ ባለሙያም ሰንበት ብሎ ይከርምበታል። ባለቤቱ ድረ ገጽ ያሠራው ከዓመታት በፊት ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ስሙን ገዛ፣ ገጹን ሠራ፣ ኢሜይል ከፈተ፣ ሒሳቡን ተቀበለና ተለያዩ። አሁን የእድሳቱ ቀን ተቃርቧል፤ የባለሙያው ስልክ ግን አይነሳም። ሌላ ባለሙያ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ «ዶሜይኑ ትራንስፈር ይደረግ።»

ዶሜይን የድረ ገጹና የኢሜይሉ ስም ነው። ተገዛ ይባላል እንጂ በዓመት በዓመት የሚታደስ ኪራይ ነው። በስሙ ዙሪያ ሦስት ወገኖች አሉ። አንደኛው ዋናውን መዝገብ የሚይዘው መዝገብ ቤት ነው፤ በነጥብ ኮም ለሚያልቁ ስሞች ይህ ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሁለተኛው ከደንበኛው ገንዘብ ተቀብሎ ስሙን መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው መዝጋቢ ነው፤ እነ ጎዳዲና ኔምቺፕ የሚታወቁት በዚህ ሥራ ነው። ሦስተኛው ባለስሙ ነው። ትራንስፈር ሲባል ባለስሙም ስሙም እንዳሉ ሆነው፣ መካከል ያለው መዝጋቢ ብቻ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የዓመቱ ክፍያ የሚከፈለውም ትእዛዝ የሚሰጠውም በአዲሱ ቤት በኩል ነው።

ቃሉን «ዶሜይን ማዛወር» ብሎ መተርጎም ይቀናል። እኔ የማልመርጠው ስለ አንድ ነገር ነው። መኪና ወይም ቤት የሸጠ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው «ስም ማዛወር» ማለት ንብረቱን በገዢው ስም ማድረግ ነው። ዶሜይኑ «ይዛወር» ሲባል የሆቴሉ ባለቤት ስሙ ከእጁ ሊወጣ የመሰለው እንደሆነ አይፈረድበትም። ስለዚህ የሚሠራውን ሥራ በቀጥታ «መዝጋቢ መቀየር» እንበለው፤ «ስም ማዛወር» ደግሞ ባለስሙ በእርግጥ ሲለወጥ ብቻ ይቆይልን። ለሥራው የሚያስፈልገውን የምስጢር ቁጥር ባለሙያዎች ኦውዝ ኮድ ወይም ኢፒፒ ኮድ ይሉታል። ለዚህ ከ«መልቀቂያ ኮድ» የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚሄድ ሠራተኛ መልቀቂያ ካልያዘ አዲሱ ቤት አይቀበለውም፤ ዶሜይንም እንዲሁ ነው።

መዝጋቢ ከመቀየርና ስም ከማዛወር ጋር የሚምታታ ሦስተኛ ነገር አለ። የድረ ገጹ ጽሑፍና ፎቶ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሆስቲንግ ወይም ማረፊያ የሚባለው፣ ከስሙ የተለየ ነገር ነው። ማረፊያው ሲቀየር መዝጋቢው አይነካም፤ መዝጋቢው ሲቀየርም ገጹ ካለበት አይነቃነቅም። ብዙ ሰው ሁለቱን የሚከፍለው ለአንድ ድርጅት ስለሆነ አንድ ይመስሉታል። አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ስሙ ወዴት እንደሚያመለክት የሚናገሩት ኔም ሰርቨሮች የቀድሞው መዝጋቢ የራሱ ከሆኑ፣ መዝጋቢው በተቀየረ ማግስት ድረ ገጹ ሊጠፋ፣ ኢሜይሉም ሊቆም ይችላል። ከመነካካት በፊት ኔም ሰርቨሮቹ ላይ ያሉትን መስመሮች፣ የኢሜይሉን ጭምር፣ አንድ በአንድ ገልብጦ ማስቀመጥ የግድ ነው።

ባለቤቱ ከሦስቱ የትኛው እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው መዝገቡን አንብቦ ነው። ሁዊዝ የሚባለው መጠይቅ ለማንም ክፍት ነው፤ ስሙን ጽፎ መፈለግ ብቻ ይበቃል። የሚወጣው ገጽ መዝጋቢው ማን እንደሆነ፣ ስሙ መቼ እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ፣ ኔም ሰርቨሮቹም የማን እንደሆኑ ይናገራል። «ክላየንት ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ» የሚል መስመር ካለ ስሙ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ይህ ክፉ ነገር አይደለም፣ ሌባ እንዳይወስደው የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። የባለስሙ ማንነት ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ በአብዛኛው ተሸፍኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ባለቤቱ ስሙን የገዛለትን ባለሙያ እንደምንም አግኝቶ ዋናውን ጥያቄ ሊጠይቀው ይገባል፦ ዶሜይኑን የመዘገብከው በማን ስምና በማን ኢሜይል ነው?

መልሱ «በእኔ» ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስም ማዛወር ነው፤ መዝጋቢ መቀየር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በነጥብ ኮም ደንብ መዝጋቢው ባለስሙ ማን እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡ ላይ የሰፈረውን አይቶ ነው። የሆቴሉ ሕንጻ የማን እንደሆነ፣ የንግድ ፈቃዱ በማን እንደወጣ አያውቅም።

መልሱ «በአንተ» ከሆነ ግን ሥራው ቀላል ነው። ቁልፉ ይከፈታል፤ የመልቀቂያ ኮዱ ይጠየቃል፤ የቀድሞው መዝጋቢ ኮዱን ከ5 ቀን በላይ ሊያቆየው አይፈቀድለትም። ኮዱ ለአዲሱ ቤት ይሰጣል፤ የቀድሞው ቤት ካልተቃወመ በ5 ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል። ለነጥብ ኮም የሚከፈለው ገንዘብ በከንቱ አይቀርም፤ ባለው ዘመን ላይ አንድ ዓመት ይጨመርበታል። ገና የተመዘገበ ወይም በቅርቡ መዝጋቢ የቀየረ ስም ለ60 ቀን ያህል አይንቀሳቀስም፤ ይህን ሳያውቁ በችኮላ የጀመሩ ሰዎች በየጊዜው ይደናገጣሉ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ነጥብ ኮምንና መሰሎቹን ይመለከታል። ለእነዚህ ደንብ የሚያወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አይካን የተባለው ድርጅት ነው። የአገር ስም የያዙት ባለ ሁለት ፊደል መጨረሻዎች ግን እያንዳንዳቸው በአገራቸው ደንብ ይተዳደራሉ፤ የመልቀቂያውም ሥርዓት ይለያያል። ጀርመን ያለ የራያ ቆቦ ልጅ ለመረዳጃ ማኅበሩ በነጥብ ዲኢ ስም ቢያወጣ፣ መዝገብ ቤቱ ዴኒክ ነው፤ ኮዱ 30 ቀን ያገለግላል፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ይወጣል። መዝጋቢው ጠፍቶ ኮድ የሚሰጥ ሰው ቢታጣ ዴኒክ ኮዱን በደብዳቤ ወደ ባለስሙ ቤት የሚልክበት መንገድ አለው፤ መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ ከሦስት ቤት በፊት የተለቀቀ ከሆነ ግን ደብዳቤው የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው። በእንግሊዝ ነጥብ ዩኬ ደግሞ ለረጅም ዘመን የነበረው አሠራር ኮድ አልነበረውም፤ የቀድሞው መዝጋቢ በስሙ ላይ ያለውን የራሱን መለያ በአዲሱ መለያ ይተካል፣ በቃ። በጎረቤታችን ኬንያ መዝገቡን የሚይዘው ኬኒክ ነው፤ ለሕዝቡ የሚሸጡት በርካታ መዝጋቢዎች ናቸው፤ ደንበኛው ያልተመቸውን ትቶ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል።

የእኛ ነጥብ ኢቲ በዓለም መዝገብ ላይ የሰፈረው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ መዝገቡንም ይይዛል፣ ለደንበኛም በቀጥታ ይሸጣል። ድርጅቶች በነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በነጥብ ኢዱ ነጥብ ኢቲ ይመዘገባሉ፤ ለቆቦ ቅርብ የሆነው የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽም በዚሁ ነው የሚያልቀው። መዝገብ ቤቱና ሻጩ አንድ ሲሆኑ በነጥብ ኢቲ መዝጋቢ መቀየር የሚባለው ነገር ትርጉም ያጣል፤ የሚኬድበት ሌላ ቤት የለማ። የነጥብ ኢቲ ባለቤት «ትራንስፈር እፈልጋለሁ» ሲል በአብዛኛው የፈለገው ማረፊያ መቀየር ነው። ለዚያ ኔም ሰርቨሮቹን ማስቀየር ይበቃዋል፤ መልቀቂያ አያስፈልገውም።

ታዲያ የቆቦው ሆቴል ለምን ነጥብ ኮም ገዛ? ነጥብ ኮም በሰው አፍ የተለመደ ስለሆነ ነው። የነጥብ ኢቲ ክፍያ ግን በብር ነው፤ ነጥብ ኮምን ከውጭ መዝጋቢ የሚገዛ ሰው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልገዋል። ቆቦ ላይ ማሽላ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ካርድ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ካርድ ያለው ሰው፣ ባለሙያው ወይም ውጭ ያለ ዘመድ፣ በራሱ አካውንት ይገዛለታል። ስሙ በሌላ ሰው እጅ የሚቀረው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ክፋት ኖሮ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዶላሩ እድሳት በብር ሲታሰብ ከብዷል፤ ባለሙያው ከኪሱ ከፍሎ ሊቀጥል የሚችልበት ጊዜ አጥሯል።

ቆቦ ባለበት በራያ ሌላም ችግር አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ሲደርስ ግንኙነት ጠፍቶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። ነጥብ ኮም ዘመኑ ሲያልቅ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊታገስ ይችላል፤ ከዚያ 30 ቀን በውድ ዋጋ ማስመለሻ አለ፤ 5 ቀን ተጠብቆ ስሙ ለማንም ይለቀቃል። ሁሉም ቢደመር ሦስት ወር አይሞላም። የማስጠንቀቂያው ኢሜይልም፣ የማረጋገጫው የስልክ መልእክትም የሚደርሱት ኔትወርክ ሲኖር ነው። ስለዚህ የቆቦው ነጋዴ ለአንድ ዓመት ብቻ መክፈሉን ቢተው ይሻላል፤ ነጥብ ኮም እስከ 10 ዓመት ይመዘገባል። ከቆቦ ውጭ የሚኖር አንድ የሚታመን ሰውም መግቢያውን ቢያውቅ መልካም ነው። የባለስሙ ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን የሚያልቅ መሆን የለበትም፤ ዶሜይኑ የቆመ ቀን እሱም ይቆማልና።

ነጥብ ኮም ራሱ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ እንደ ነጥብ ኢቲ ነበር፤ ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለ አንድ ኩባንያ ብቻ ነበር የሚመዘግበው። በዚያ ዓመት መዝገቡና ሽያጩ ተለይተው ለሌሎች መዝጋቢዎች በር ተከፈተ። ዋጋ ወረደ፤ ደንበኛውም መሄጃ አገኘ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ በስልኩም ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ሳፋሪኮም ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ ሆኗል። በዶሜይኑም መዝገቡ በአንድ እጅ ይቆይ፣ ሽያጩ ግን ፈቃድ ላላቸው የአገር ውስጥ ድርጅቶች ይከፈት ብዬ አምናለሁ። በብር የሚቀበል፣ በአማርኛ የሚያስረዳ፣ ወልዲያ ወይም ደሴ ቢሮ ያለው መዝጋቢ ቢኖር የቆቦው ሆቴል ካርድ ያለው ሰው አይለምንም ነበር። ያ ሲሆን የሚወጣው ደንብ ሁለት ነገር ይያዝ፦ ዶሜይኑ በንግድ ፈቃዱ ባለቤት ስም ይመዝገብ፣ የመልቀቂያ ኮዱም ባለስሙ በጠየቀ በጥቂት ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ ይሰጠው።